ጭነቱ ሌሊት ይግባ ሲባል ማን ቀረ?

አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ የጭነት መኪናዎች እንደልባቸው በቀን መሃል ከተማ አይገቡም። ገደቡ ጠበቅ ብሎ የመጣው በ2011 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው። ከሞተር ሳይክል እገዳው ጋር በአንድ ሰሞን ነበር የተነገረው። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ቢለዋወጥም ሐሳቡ ያው ነው፦ ቀኑ ለሰው፣ ሌሊቱ ለጭነት።

ለምን እንዲህ እንደተደረገ ማንም ይገባዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ ወደ ተክለሃይማኖት ሲሄድ ባለ ተሳቢ መንገድ ዘግቶበት የሚያውቅ ሰው ስለ ገደቡ ክፉ አይናገርም። ነጋዴው መጀመሪያ ላይ አጉረመረመ። ባለመኪናውም አጉረመረመ። ቆይቶ ሁሉም ለመደው። ጥበቃው፣ ጫኝና አውራጁ፣ ደላላው፣ ሻይ የምታፈላዋ ሳትቀር ሰዓቷን አስተካከለች።

አንድ ጥያቄ ግን ተዘለለ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ መርካቶ ውስጥ ጭነት ይዞ ቆሞ ማደር የሚችለው ማነው? መመሪያ ላይ «ወንድ ሹፌር ብቻ» ብሎ የጻፈ የለም፣ መጻፍም አይቻልም። ግን የጭነት ሰዓት፣ የማራገፊያ ቦታና የማደሪያ ቦታ ሲወሰን፣ ከመሪው ኋላ ማን እንደሚቀመጥም አብሮ ይወሰናል። ይሄ ሁለተኛው ውሳኔ ማንም ሳይወያይበት ነው የሚያልፈው። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዕቃው እንዴት እንደሚመጣ እንይ። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ወደብ በመንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮንቴይነሩ በጋላፊ ገብቶ፣ ሚሌንና አዋሽን አልፎ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያርፋል ወይም ወደ ቃሊቲ ይቀጥላል። ባቡሩ በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ከጀመረ በኋላም መኪናው አልቀረም። ዕቃው በሐዲድ እንዶዴ ባቡር ጣቢያ ቢደርስ እንኳ ከዚያ መርካቶ የሚያስገባው ጎማ ነው። ከዳር ያሉት መጋዘኖች ላይ ትልቁ መኪና ያራግፋል፣ አይሱዙና ኤፍ ኤስ አር የሚባሉት አነስ ያሉ መኪናዎች ደግሞ ጭነቱን ከፋፍለው ወደ መሃል ያስገባሉ። ረጅሙ መንገድ ላይ ብዙ ይወራል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ግን ብዙም አይወራም፣ የሌሊቱ ሥራ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

የመርካቶው እህል በረንዳ ሌሊት ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው ልንገረው። መኪናው ወደ ኋላ እየተጠጋ ነው። ከኋላ አንድ ሰው «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» ይላል። ሸራው ይፈታል፣ ገመዱ ይጠቀለላል፣ ስፖንዳው፣ የጭነቱ መዝጊያ፣ ዷ ብሎ ይወርዳል። ጫኝና አውራጆቹ ከበው ቆመዋል፣ ዋጋው ግን ገና አልተቆረጠም። ሹፌሩ ከጋቢና ወርዶ ይደራደራል። ስምምነት ሲደረስ ጆንያው በትከሻ መውረድ ይጀምራል። ሹፌሩ አጠገቡ ቆሞ ይቆጥራል፤ አንድ ኩንታል ቢጎድል የሚታሰበው ከእሱ ነው። የመጋዘኑ ባለቤት ስልክ አያነሳም። ጥበቃው ቁልፉ እኔ ጋ የለም ይላል። መብራቱ አንድ ጥግ ላይ ነው፣ የቀረው በስልክ ባትሪ ይሠራል። ሲያልቅ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ታክሲ የለም። ሹፌሩ መኪናውን አንድ አጥር ሥር ያስጠጋና መስኮቱን ዘግቶ ጋቢና ውስጥ ይተኛል።

እዚህ ላይ ሹፌሩን በሴት እንተካና ነገሩን እንደገና እንየው። የመጀመሪያው ጥያቄ «እህቴ፣ ሹፌሩ የታለ?» ነው። «እኔ ነኝ» ስትል ሳቅ ይመጣል። ሳቁ ክፋት ላይኖረው ይችላል፣ ድርድሩ ላይ ግን ይገባል። የማውረጃው ዋጋ ከፍ ይላል፣ ወይም «ሰውየው ይምጣና ከእሱ ጋር እንነጋገር» ይባላል። ሰውየው የለም። ስትቆጥር እየቆሙ የሚያወሯት ሰዎች አሉ፤ መልስ ብትሰጥ አንድ ነገር፣ ዝም ብትል ሌላ ነገር። ሲያልቅ ደግሞ ዋናው ጣጣ ይመጣል። የት ነው የምታድረው? ጋቢና ውስጥ ብቻዋን፣ መንገድ ዳር፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ቤቷ ለመሄድ ትራንስፖርት የለም፣ መኪናውን ጥላ መሄድም አትችልም። ጭነት የነካ ሁሉ ጎማና ባትሪ በሌሊት እንደሚጠፋ ያውቃል።

«ታዲያ ሌሊት ሴት ምን ትሠራለች?» የሚል ሰው አይጠፋም። እዚያው መኪናው ጎን ከሰል አቀጣጥላ ሻይ የምትሸጠውን ሴት አላያት ይሆናል። ሌሊት ለሴት አይሆንም የሚለው ነገር ሻይ ሲሆን ይረሳል፣ መሪ ሲሆን ይታወሳል።

ሕጉ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቋጠሮ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 87 ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሌሊት ሥራ ላይ መመደብ ይከለክላል። ትርፍ ሰዓት ማሠራትም አይፈቀድም። ጥሩ ሕግ ነው፤ ይቀነስ የሚል ሐሳብ የለኝም። ግን ከከተማዋ የጭነት ሰዓት ጎን አስቀምጡት። ሕጉ ያሰበው አሠሪው ነፍሰ ጡሯን ከሌሊት አንስቶ ቀን ላይ እንዲያዞራት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ይሄ ይሠራል፤ የቀን ፈረቃ አለና። የመሃል ከተማ ጭነት ላይ ግን የቀን ፈረቃውን ከተማዋ ራሷ አጥፍታዋለች። ባለ ሦስት አይሱዙ አሠሪ ሹፌሩ ነፍሰ ጡር ብትሆን የት ያዙራት? ቀን የሚሠራ መኪና የለውም።

ስለዚህ አሠሪው ቀድሞ ያስባል። ይሄን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም፣ አዋጁ በጾታ ማበላለጥን ስለሚከለክል። ግን «አዲስ ያገባች ናት» የምትለው ሹክሹክታ ሁላችንም የምናውቃት ናት። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከነሙሉ ደመወዙ በሕግ አለ። ትልቅ ድርጅት ይችለዋል። ሁለትና ሦስት መኪና ያለው ሰው ደግሞ ሒሳቡን ሠርቶ ዝም ብሎ ወንድ ይቀጥራል። ሴቷን ለመጠበቅ የወጣው አንቀጽ እንዳትቀጠር ምክንያት ሆኖ ይገኛል። ጥፋቱ የአንቀጹ አይመስለኝም። የሠራተኛ ሕግ የሚጽፈው ቢሮ ሌላ፣ የጭነት ሰዓት የሚወስነው ቢሮ ሌላ፣ አንዱ የሌላውን ወረቀት የሚያነብበት ጠረጴዛ ደግሞ የለም።

ስለ ሌሊት ክፍያም አንድ ነገር ልበል። በዚሁ አዋጅ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው የመደበኛው 1.75 እጥፍ ነው። የጭነት ሹፌር ግን ኑሮው በምልልስ ላይ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ገንዘቡ ያለው አበሉና የጉዞው ክፍያ ላይ ነው። መጋዘን በር ላይ አምስት ሰዓት ቢቆም የሚቆጥርለት የለም። ስለዚህ ሌሊቱን በርካሽ የሚያገኘው ዕቃ ተቀባዩ ነው። ይሄኛው ወንዱንም ሴቷንም እኩል ይጎዳል።

አሁን ስለ ሽንት ቤት። ጋዜጣ ላይ ለመጻፍ የሚያሳፍር ርዕስ ይመስላል፣ ለዚህም ይሆናል ዕቅድ ውስጥ የማይገባው። ወንዱ ጎማ ተገን አድርጎ ይጨርሳል። እሱም ክብሩ አይደለም፣ ለከተማዋም ሽታ ነው፣ ግን ይገላገላል። ሴቷ ውኃ አለመጠጣትን ትመርጣለች። ስምንትና አሥር ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ፣ ሽንት ይዘው፣ ሞቃት ሞተር ላይ ተቀምጦ መንዳት ኩላሊትን ምን እንደሚያደርግ ሐኪም ጠይቁ። የወር አበባ ሲጨመርበት ነገሩ ሌላ ነው። የኮሪደር ልማቱ በመሃል ከተማ የሕዝብ መጸዳጃዎችን ሠርቷል፣ ይሄ ሊመሰገን ይገባል። ግን የተሠሩት እግረኛው በሚሄድበት ነው። መኪና ቆሞ ወረፋ የሚጠብቅበት የመርካቶ ጀርባ፣ የሰባተኛና የአብነት ዙሪያ፣ የቃሊቲ መጋዘን ሰፈር ሌላ ዓለም ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 እ.ኤ.አ. የከባድ መኪና ማቆሚያዎችን ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲኒየም ብሎ በደረጃ ሲከፍል አጥርና ካሜራ ብቻ አልቆጠረም፤ መጸዳጃና መታጠቢያውንም ደረጃው ውስጥ አስገብቶታል። እኛ ፕላቲኒየሙን ትተን ከነሐሱ በታች ብንጀምርም ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚከብደኝ በር ሌላ ነው። ረዳትነት።

አገራችን ውስጥ የከባድ መኪና ሹፌር የሚወጣው ከማሠልጠኛ ብቻ አይደለም። መንጃ ፈቃዱ ከዚያ ይገኛል። ሹፌርነቱ የሚገኘው ጋቢና ውስጥ ነው። ልጁ በአሥራዎቹ መጨረሻ ረዳት ሆኖ ይገባል። መኪና ያጥባል፣ ጎማ ይመታል፣ ሸራ ያስራል፣ ዳገት ላይ ድንጋይ ያስደግፋል፣ ሹፌሩ ሲተኛ ጭነቱን ይጠብቃል። በዓመትና ሁለት ዓመት ውስጥ ግቢ ውስጥ መኪናዋን ማንቀሳቀስ ይጀምራል። «እስቲ ያዛት» የተባለ ቀን ሕይወቱ ተለወጠ ማለት ነው። ሞተር ሲያኮርፍ ድምፁን ይለያል። የትኛው ኬላ ላይ ምን ወረቀት እንደሚጠየቅ፣ የትኛው ጎሚስታ እንደሚያጭበረብር፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ቀድሞ እንደሚያዝ የሚያውቀው ከሹፌሩ ነው። ይሄን ደግሞ የሚያስተምር ክፍል የለም።

ሴት ልጅ በዚህ በር አትገባም። ምክንያቱን ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከማታውቀው ወንድ ጋር ለሳምንት አንድ ጋቢና ውስጥ እደሪ የሚላት ቤተሰብ የለም፣ እሷም አትሄድም። ብትሄድ የሚወራባት አያስቀምጣትም። ሹፌሩም ጨዋ ከሆነ ራሱ ይፈራል፤ «ሰው ምን ይለኛል» ይላል፣ ሚስቱም የራሷ ጥያቄ አላት። ስለዚህ አንዲት ልጅ ከፍላ ሠልጥና፣ ፈተናውን አልፋ፣ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ኪሷ ውስጥ ይዛ ባለመኪና ፊት ስትቆም «የት ሠርተሻል?» ትባላለች። የትም። ወንዱም አዲስ መንጃ ፈቃድ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ግን ከኋላው የረዳትነት ዓመታት አሉ። «የእነ እከሌ ረዳት ነበር» ማለት እሱ ሰፈር ውስጥ የምስክር ወረቀት ነው። ዋስም የሚሆነው ያው የድሮ ሹፌሩ ነው። ለእሷ ማን ዋስ ይሁናት?

የፈቃዱ ደረጃም ይሄንን ያጠናክረዋል። ደረቅ 1፣ ደረቅ 2፣ ደረቅ 3 እያለ ይሄዳል፣ ለቦቴ ደግሞ ፈሳሽ አለ። ቁጥሩ ሲጨምር መኪናው ይከብዳል፣ ተሳቢ ይመጣል። ደረጃ በደረጃ ማሳደጉ ለደኅንነት ጥሩ ነው። ግን ልምድ የሚገኘው በሥራ ነው፣ ሥራው ደግሞ ሌሊት ነው። ከታች ያለው መወጣጫ ካልተረገጠ ከላይ ያለው አይደረስም። ደረቅ 3 ያላቸው ሴቶች ለምን አነሱ ብሎ መገረም ትርጉም የለውም፤ ደረቅ 1 ይዘው አይሱዙ ላይ የሚቀጥራቸው አጥተው ነው የቀሩት።

ጉልበት የሚለው ክርክር ቶሎ ይለፍ። የዛሬ መኪና መሪው በኃይል የሚታገዝ ነው፣ ጭነቱን የሚያወርዱት ደግሞ ጫኝና አውራጆች ናቸው። ጎማ መቀየር ከባድ ነው፣ እውነት ነው፤ ለወንዱም ብቻውን ከባድ ነው፣ ለዚህ ነው ረዳት ያለው። ደግሞስ ጭነት ለሴት አይሆንም የሚለውን ነገር በዚህ ከተማ እንዴት አፍ ሞልቶ መናገር ይቻላል? ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ የኖሩት እናቶች ናቸው። ጭነቱ ጀርባ ላይ ሲሆን የሴት ነበር። ሞተር ሲገባለትና ገንዘብ ሲያመጣ የወንድ ሆነ።

ጉልበት እንዳልሆነ ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ የከተማ አውቶቡስ ነው። አንበሳና ሸገር አውቶቡስ የሚነዱ ሴቶች አሉ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ደረጃ ላይ እየደረስን ነው። አውቶቡሱ ከአይሱዙ ይረዝማል። ውስጡ ያለው ጭነት ደግሞ ሰው ነው፣ ያውም በሥራ መውጫ ሰዓት። ቀላሉ ባቡር ላይም ሴት አሽከርካሪዎች አሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከአብራሪ እስከ መሬት አገልግሎት በሴቶች ብቻ የተሠራ በረራ ወደ ባንኮክ አድርጓል። ባንኮክ ድረስ የበረሩበት ሙያ ሳሪስ ድረስ ሊነዳ ያልቻለው ለምንድነው?

መልሱ አደረጃጀቱ ላይ ነው። አውቶቡሱ ዴፖ አለው፤ የካ፣ ሸጎሌ፣ መካኒሳ። ዴፖው አጥር፣ ጥበቃ፣ መጸዳጃ፣ ስምሪት ክፍል አለው። ፈረቃው ተጽፎ ይለጠፋል። መንገድ ላይ ቢበላሽ የሚደወልለት ጋራዥ አለ። ሹፌሯ የምትቀጠረው በማስታወቂያና በፈተና ነው፣ በትውውቅና በረዳትነት አይደለም። የጭነት መኪናው ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ያው ሊሆን ይችላል፣ በዙሪያው ያለው ሥርዓት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

የሌላው ዓለም የተሻለ እንዳይመስላችሁ። ዓለም አቀፉ የመንገድ ትራንስፖርት ኅብረት በሚያወጣቸው ጥናቶች ውስጥ የሴት ከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ነው። አውሮፓ ሹፌር አጣሁ እያለች እንኳ ቁጥሩ በቀላሉ አልተነሳም። የሌሊት ማድረሻን በጥናት ከሞከሩት ከተሞች ኒው ዮርክ ትጠቀሳለች፤ በ2009 እና በ2010 እ.ኤ.አ. ማንሃተን ውስጥ ነበር። የተለካው የመኪናው ፍጥነት፣ የማራገፊያው ጊዜ፣ የማቆሚያው ቅጣት ነው። ሌሊቱ ውጤታማ መሆኑ ታየ። ያልተለካ ነገር ደግሞ ዕቅድ ውስጥ አይገባም። እኛም ጋ የጭነት ጥናት ሲደረግ መንገድ ዳር የሚቆመው ጠያቂ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን ጭነሃል፣ ስንት ኩንታል ነው ብሎ ይጽፋል። የመኪናው አክስል ይቆጠራል። የሚነዳው ሰው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚያድር፣ ስንት ሰዓት እንደቆመ ግን ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ከላይ ሴቶች መኖራቸው ይሄንን በራሱ አልለወጠውም። በጥቅምት 2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴት ሲሆን የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ዳግማዊት ሞገስ ነበሩ። የከተማዋ ከንቲባም ሴት ናቸው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ አላቃልለውም። ግን ቢሮው ውስጥ ያለው ወንበርና ጋቢናው ውስጥ ያለው ወንበር የተለያየ መንገድ ነው ያላቸው።

አትክልት ተራን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ፒያሳ የነበረው ገበያ በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ወጣ፣ ከዚያ ከተማው ዳር ወዳለው ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። ውይይቱ ስለ ንጽሕና፣ ስለ መጨናነቅና ስለ ጥምቀት በዓል ቦታ ነበር። ሁሉም ተገቢ ነው። ግን ፒያሳ ላይ በንጋት ገዝታ፣ በዘንቢል ወይም በታክሲ ጭና ጉሊቷ የምትደርስ ሴት ድንገት ከተማውን ከዳር እስከ መሃል የምታቋርጥ ሆነች። ለአንድ ኩንታል ቲማቲም መኪና መከራየት ግድ ሆነባት። ጭነቱ በትንንሹ ተበጣጠሰ፣ ትንንሽ መኪናዎች ሥራ አገኙ። ይሄ ሥራ የቀን ነው፣ ቅርብ ነው፣ ደንበኞቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሴት ሹፌሮች ሊገቡበት የሚችሉበት በር ያኔ ተከፍቶ ነበር። ማንም እንደ በር አላየውም፣ እንዲሁ ደላላ ሞላው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁሉንም ሌሊት ወደ ቀን መልሱ አልልም። መንገዱ አይችልም። ግን ቀኑን ሙሉ መዝጋትና ቀኑን ሙሉ መክፈት ብቻ አይደለም ያለው ምርጫ። ከጠዋቱ ግርግር በኋላና ከማታው በፊት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት አካባቢ፣ ለአነስተኛ የጭነት መኪና በቀጠሮ የሚሰጥ የሰዓት መስኮት ሊኖር ይችላል። ቀጠሮ የሚለውን አጥብቄ ነው የምለው። ነጋዴው ዕቃ ሊቀበል የሚችልበትን ሰዓት ቀድሞ ያስመዘግባል፣ መኪናው በዚያ ሰዓት ይገባል፣ ካላራገፈለት ነጋዴው ይቀጣል። ዛሬ የሚቀጣው ሹፌሩ ነው። በቁሙ።

ነጋዴው እንደማይወደው አውቃለሁ። ሌሊት መቀበል ለእሱ ቀላል ነው፤ ጥበቃው አለ፣ ሹፌሩም ይጠብቃል። መስኮቱ ለማን እንደሚሰጥ ሲወሰን ደግሞ ጉቦ እንዳይገባ ያስፈራል። ተራ አስከባሪና ይለፍ ያለበት ቦታ ሁሉ ይሄ አደጋ አለ። ቀጠሮው በስልክ ሆኖ ማንም ሊያየው የሚችል ቢሆን ይቀንሳል፣ ጨርሶ አይጠፋም።

ለረዳትነቱ ደግሞ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ማሠልጠን ብቻ አይበቃም። ሰላም ሕፃናት መንደር ውስጥ ከቮልቮ፣ ከስዊድኑ የልማት ድርጅት ሲዳና ከተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት (ዩኒዶ) ጋር የተከፈተው የከባድ መሣሪያና የንግድ ተሽከርካሪ አካዳሚ መካኒኮችን አሠልጥኖ እንዳሳየው በፋብሪካ መኪና ላይ፣ በሥርዓት ማስተማር ይቻላል። የጎደለው ከትምህርት በኋላ ያለው ዓመት ነው። አንዲት አዲስ ሴት ሹፌር ልምድ ካለው ሹፌር ጋር በቀን መስመር ላይ፣ ማታ ቤቷ እያደረች፣ ኪሎ ሜትሯ እየተመዘገበ የምትሠራበት ዓመት። ኢንሹራንሱና ዋስትናው በማኅበር ቢሆን ባለመኪናው «ማንን ልጠይቅ» አይልም። የጭነት ማኅበራት ይሄን የማድረግ አቅም አላቸው። ፍላጎቱ ግን ገንዘብ ካላዩበት አይመጣም፣ እና አልፈርድባቸውም።

ገንዘቡ ያለው ከተማ አስተዳደሩ ጋ ነው። ራሱ ትልቅ ጭነት አስጫኝ መሆኑን የምንረሳው ነገር አለ። የተማሪዎች ምገባ በየቀኑ ለየትምህርት ቤቱ ዱቄት፣ ዘይት፣ ምስርና አትክልት ያደርሳል። የእሁድ ገበያ አለ። የሸማቾች ማኅበራት አሉ። የምገባው ማብሰያ ክፍል ውስጥ ያሉት እናቶች ናቸው፣ ምስሩን በር ላይ የሚያራግፈው መኪና ግን የወንድ ነው። ይሄ ጭነት ቀን መግባት አለበት፣ ልጆች ሌሊት አይበሉምና። መድረሻው ትምህርት ቤት ነው፤ አጥር አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ ተቀባዩ በር ላይ ይጠብቃል። ማታ ሹፌሯ ቤቷ ናት። ከላይ የቆጠርኩት ችግር ሁሉ እዚህ መስመር ላይ ግማሹ የለም። የማጓጓዣ ጨረታው ላይ በሴት ለሚነዳ መኪና ተጨማሪ ነጥብ መስጠት ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 የድጋፍ እርምጃን በግልጽ ስለሚፈቅድ የሕግ መሠረት አይጎድለውም።

ወንድ ሹፌሮች ቅር ሊላቸው ይችላል። «እኛ ሌሊት በብርድ እንሙት፣ ቀኑን ለእነሱ» የሚል ሰው ቢመጣ መልሱ ቀላል አይደለም። እውነትም እየተጎዱ ነው። ረጅሙ መንገድ ላይ እየታገቱ ቤዛ የሚጠየቅባቸው፣ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። ይሄን የሚረሳ የእኩልነት ወሬ እኔም አልወደውም። ነገር ግን መብራት ያለው ማቆሚያ፣ መጸዳጃ፣ የተቆረጠ የማራገፊያ ሰዓትና የተከፈለ የመቆያ ጊዜ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠቀሙት አሁን ሥራው ላይ ያሉት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ወንዶች ናቸው።

ረጅሙን መንገድ ለጊዜው ልተወው። ሚሌ ላይ ማደር፣ ጋላፊ ላይ ቀናት መሰለፍ፣ ያ ሌላ ጊዜና ሌላ በጀት ይጠይቃል። ሞጆ ግን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የፍጥነት መንገዱም አለ። ከሞጆ ቃሊቲ ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት በኋላ የሚመለስ መኪና መሃል ከተማ ስለማይገባ የሰዓት ገደቡም እምብዛም አይነካውም። በዚህ መስመር ላይ ያሉ ድርጅቶች ኮንቴይነር በየቀኑ ያመላልሳሉ። የቀን ስምሪቱን ለአዲስ ሴት ሹፌሮችና ለነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ ስጡ ለማለት አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ስምሪት ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ማስተካከል ይበቃል፣ ቀሪው ድርድር ከወንዶቹ ጋር ስለ ምልልስ አበሉ ነው።